ጅማ ላይ የኦሲዲ ሕክምና ለሚፈልግ ሰውና ለቤተሰቡ

እጁ በበረኪና ተልጦ ቅባት ፍለጋ ቆዳ ሐኪም ዘንድ የሚመላለስ ሰው፣ ውዱእ ሲደጋግም ጀማዓ የሚያመልጠው ወጣት፣ ልጇን እንዳትወጋ ፈርታ ቢላዋ ሁሉ ከቤት ያስወጣች አራስ፣ ቅዳሴ መሀል ጸያፍ ሐሳብ እየመጣበት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመ ምእመን፦ አራቱም ያለባቸው አንድ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሰፈር ውስጥ ወስዋስ፣ ጥርጣሬ፣ ሲብስም የጂን ሥራ ይባላል። ሐኪሞች ኦሲዲ ይሉታል። በሕይወት ዘመናቸው ይህ ሕመም የሚይዛቸው ሰዎች ከመቶ ከ1 እስከ 3 ይደርሳሉ። ብዙዎቹን የሚጀምራቸው በልጅነት መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ መካከል ነው። ከነዚህ ውስጥ ብዙው ሰው ለዓመታት ሳይታከም የሚቆየው ስለሚያፍር ነው። ሐሳቡን ቢናገር እብድ ወይም ክፉ የሚባል ይመስለዋል።

ሕመሙ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ የሚያስደነግጥና አልለቅ የሚል ሐሳብ ነው። ሌላው ያን ድንጋጤ ለማብረድ የሚደረግ ድርጊት ነው። ድርጊቱ በእጅ ብቻ አይደለም። በልብ መቁጠር፣ አንድን ጸሎት «በትክክል» እስኪወጣ መደጋገም፣ ትናንት የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሐሳብ መከለስ፣ ሰው መጠየቅ፣ ሁሉም ድርጊት ነው። ሐሳቡና ድርጊቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስዱ ከሆነ ወይም ሥራን፣ ትምህርትን፣ ትዳርን የሚያውኩ ከሆነ ጉዳዩ የጠባይ ሳይሆን የሕክምና ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአንድ ጊዜ እጅ መታጠቢያ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲያልቅ ቤተሰቡ የሚቆጣው ለውሃው ነው፤ የታጠበው ሰው ግን ከማንም በላይ ደክሞታል።

ድርጊቱ ለምን እንደማይቆም ለማየት አንድ ሰው ከቤት ሲወጣ እንከተለው። ጓጉንቸሩን ቆልፎ ይጎትተዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ የባጃጅ ጥሩምባ ሐሳቡን ከሰረቀው ያ አይቆጠርም፤ ከአንድ ይጀምራል። ታክሲው ጋ ሲደርስ «ቆልፌ ነው ወይስ የቆለፍኩ መስሎኝ ነው?» ይላል፣ ይመለሳል። በስልኩ ፎቶ ማንሳት ይጀምራል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ፎቶው የዛሬ መሆኑን ይጠራጠራል። ደጋግሞ ማረጋገጥ ትዝታን ያደበዝዛል እንጂ አያጠራም፤ ይህ በጥናት በተደጋጋሚ የታየ ነው። በጎተተ ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ እፎይ ይላል። አእምሮም የሚማረው «የዳንኩት ስለጎተትኩ ነው» የሚለውን ነው። ለነገው ጥርጣሬ መንገድ የሚጠርገው ይህ እፎይታ ነው።

ስለዚህ ሕክምናው ሐሳቡን ከጭንቅላት ማውጣት አይደለም። ሐሳቡ እያለ ድርጊቱን መተው ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፤ «ሌላ ነገር አስብ»፣ «አታስበው»፣ «ተረጋጋ» የሚሉ ምክሮች ለምን ለዓመታት እንዳልሠሩ የሚገልጠው እሱ ነውና። በግድ የሚገፋ ሐሳብ እየበረታ ይመለሳል።

በጅማ ዋናው በር የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። የጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር ይዞ ቢሄድ ወጪው ይቀልለታል። ጤና ጣቢያ ላይ ያሉ ባለሙያዎች በአእምሮ ጤና የሚሰጣቸው ሥልጠና በአብዛኛው ድብርት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግር ላይ ያተኩራል። ስለዚህ «ጭንቀት አለብኝ» ብቻ ብላችሁ ከገባችሁ የጭንቀት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። በግልጽ ተናገሩ፦ «የማልፈልገው ሐሳብ ይመጣብኛል፣ እሱን ለማጥፋት ይህን እደጋግማለሁ፣ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ይወስድብኛል።» አፍ አልናገር ካለ በወረቀት ጽፎ መስጠት ይቻላል። እንዲያውም ከቀጠሮው በፊት ለአንድ ሳምንት በደብተር ያዙ፦ ሰዓቱ፣ የመጣው ሐሳብ፣ የተደረገው ድርጊት፣ የፈጀው ደቂቃ፣ እና ማን እንደተጠየቀ። ቀጠሮው አጭር ሲሆን ይህ ደብተር ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ባለሙያው ዬል ብራውን የሚባለውን መለኪያ ሊጠቀም ይችላል። አሥር ጥያቄዎች አሉት፣ ከ0 እስከ 40 ይቆጠራል። ከ16 እስከ 23 መካከለኛ፣ ከ24 እስከ 31 ከባድ፣ ከዚያ በላይ እጅግ ከባድ ነው። ቁጥራችሁን ጠይቁና ጻፉት። ከወራት በኋላ ሕክምናው ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውን የሚፈታው እሱ ነው፤ ቢያንስ 35 በመቶ ከቀነሰ ሠርቷል ይባላል።

ለኦሲዲ ተፈትኖ የተረጋገጠው የንግግር ሕክምና ከሚፈሩት ነገር ጋር በእርከን መገናኘትና ድርጊቱን መከልከል ነው። መነሻው ለንደን ውስጥ ቪክቶር ማየር የተባለ ባለሙያ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ ሲሆን ዛሬ በመላው ዓለም የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ሳይኮሎጂስት ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ስታገኙ «ለኦሲዲ ይህን ሕክምና ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ስለ ልጅነት ብቻ እያወሩ ወይም ትንፋሽ እየሳቡ ወራት ማሳለፍ ለሌላ ችግር ሊጠቅም ይችላል፣ ለዚህ ግን አይበቃም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆሻሻ የሚፈራ ሰው የሚሸሻቸውን ነገሮች ጽፎ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ቁጥር ይሰጣል። የቤቱ በር እጀታ 30፣ የባጃጅ መያዣ ብረት 45፣ ያረጀ የብር ኖት 55፣ መርካቶ ውስጥ ከሰው ጋር መጨባበጥ 65፣ የሕዝብ ሽንት ቤት መዝጊያ 90 ሊሆን ይችላል። የሚጀመረው ከ40 አካባቢ ነው። የባጃጁን ብረት በሙሉ መዳፍ ይይዛል፤ በሁለት ጣት ጫፍ አይደለም። ከዚያ ያንኑ እጅ ልብሱን፣ ስልኩን፣ ትራሱን ያስነካል፤ እንዲህ ሲሆን «ንጹሕ» ብሎ የሚጠብቀው ቦታ አይቀርም። እስከሚቀጥለው ምግብ ሰዓት አይታጠብም። ከምግብ በፊትና ከሽንት ቤት በኋላ ማንኛውም ሰው የሚታጠበውን ያህል፣ በሳሙና 20 ሰከንድ፣ አንድ ጊዜ ይታጠባል። ፍርሃቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ቆይቶ ይወርዳል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ብዙም አይወርድም፣ ችግር የለውም። ዋናው ትምህርት ፍርሃቱ እያለም መቆየት እንደሚቻል ነው። ያው እርከን በየቀኑ ይደገማል፣ ሲቀል ወደሚቀጥለው ይወጣል።

ይህ ሕክምና የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በጥቃቅን ማምለጫዎች ነው። ኪስ ውስጥ ሳኒታይዘር ይዞ ብረቱን መንካት። «አሁን አልታጠብም፣ ማታ ገላዬን ስታጠብ ይለቃል» ብሎ ለራሱ ቃል መግባት። እጅ ሳይታጠብ በልብ መጸለይ ወይም መቁጠር። አጠገብ ያለውን ሰው «ምንም አይሆንም አይደል?» ማለት። እነዚህ ካሉ ሰውዬው ለሳምንታት ተሠቃይቶ ምንም ላይለወጥ ይችላል፤ «ሞክሬው አልሠራልኝም» ከማለቱ በፊት እነሱን ከባለሙያው ጋር መፈተሽ አለበት። ሌላው ስሕተት ከ90 መጀመር ነው፤ አንድ ጊዜ የሸሸ ሰው ለመመለስ ይከብደዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ቤተሰብ ከፍቅሩ የተነሳ ሕመሙን ሲመግብ ማየት ነው። «እማዬ፣ እሳቱን አጥፍቻለሁ አይደል?» «አዎ ልጄ፣ አጥፍተሃል።» ይህ ሃያ ጊዜ ሲባል ሃያ ጊዜ ጓጉንቸር እንደመጎተት ነው። በአንድ ቀን በድንገት መከልከል ግን ጠብ ያመጣል። ከታማሚው ጋር በተረጋጋ ሰዓት ተነጋገሩና አንድ መልስ ብቻ ተስማሙ፦ «ልጄ፣ ይህን የሚጠይቀኝ ሕመምህ ነው፤ እንደተባባልነው አልመልስም፣ ግን አጠገብህ እቀመጣለሁ።» መጀመሪያ በቀን አምስት ጥያቄ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ምንም። ለእሱ ብሎ ጫማ ውጭ ማውለቅ፣ ለእሱ ብሎ ሁለቴ ማጠብ፣ በእሱ ፋንታ በር መዝጋትም እንዲሁ በእርከን ይቀንሳል። መሳደብና ማሾፍ ደግሞ ፍርሃቱን ይጨምራሉ።

ሃይማኖት ላይ ሲመጣ ሕክምናው ከእምነት ጋር አይጋጭም። ውዱእ ላይ አንድን አካል ከሦስት ጊዜ በላይ ማጠብ ሱና አይደለም፤ በፊቅህም «እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም» የሚል የታወቀ መርሕ አለ። ኡስታዙን ወይም ኢማሙን አንድ ጊዜ መጠየቅ፣ መልሱን መጻፍ፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ኡስታዝ አለመውሰድ። ኦርቶዶክሱም እንዲሁ፦ ለንስሐ አባቱ አንድ ጊዜ ተናግሮ ያንኑ ሐሳብ ደግሞ ደጋግሞ አለመናዘዝ። የሃይማኖት አባቱ ጉዳዩ ሕመም መሆኑን ቢያውቁ ትልቅ አጋዥ ናቸው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሁር፣ በሁዳዴ ደግሞ ከጾም ሰዓት በኋላ እንዲሆን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል።

ስለ መድኃኒት። ቀድመው የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉት ናቸው። ለኦሲዲ የሚያስፈልገው መጠን ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ይበልጣል፦ ፍሉኦክሰቲን በ20 ሚሊግራም ተጀምሮ ሐኪሙ እያየ ወደ 40 ወይም 60 ያሳድገዋል፣ ጣሪያው 80 ነው፤ ሰርትራሊን ከ50 ተነስቶ እስከ 200 ይደርሳል። ለመፍረድ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ያቆማል፤ ያኔ ያገኘው ማቅለሽለሹን፣ ራስ ምታቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ብቻ ነው፣ ጥቅሙ ገና ነው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይቀልላሉ፤ ጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል። የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ግን ሊቆይ ይችላል፤ አፍሮ ከማቋረጥ ለሐኪም መንገር ይሻላል። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣበት ያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ካልሠራ ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት ይሞከራል፤ ከዚያ ክሎሚፕራሚን ይመጣል፣ እሱ የልብ ምርመራና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐኪሙ እንደ ሪስፔሪዶን ያለ፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት በትንሽ መጠን ሊጨምርም ይችላል፤ ይህ ማለት «አብደሃል» ማለት አይደለም። የጭንቀትና የእንቅልፍ መድኃኒቱ ዲያዜፓም ኦሲዲን አያክምም፣ ሱስም ያስይዛል። የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊንም ለኦሲዲ የተረጋገጠ መድኃኒት አይደለም። የሕመም ማስታገሻውን ትራማዶል የሚወስድ ሰው ሳይደብቅ ይናገር፤ ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲደባለቅ አደገኛ ነው። ጅማ ላይ ሆኖ ስለ ጫት አለማንሳት አይቻልም፦ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀት ያስነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድም ጥርጣሬው ይብሳል። ከጫት ሰዓት ላይ የሚቀነሰው እያንዳንዱ ሰዓት ለሕክምናው ይጠቅማል።

የአራሷ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ልጄን እጎዳው ይሆን የሚል ሐሳብ የሚያስጨንቃት፣ ሐሳቡን የምትጠላና ከቢላዋ የምትሸሽ እናት ያለባት ኦሲዲ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ልጇን ከእሷ መንጠቅ ግን ፍርሃቷን ያጸናዋል። ድምፅ የምትሰማ፣ ሐሳቡ ትክክል መስሎ የሚታያት፣ የምትዘባርቅ ወይም ለቀናት ያልተኛች ከሆነች ግን ይህ ሌላ ሕመም ነው። ያን ቀን ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ትወሰድ፣ ሕፃኑም ከሰው ጋር ይሁን።

ጅማ ላይ በየሳምንቱ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ካልተገኘ መድኃኒቱን መጀመር፣ እርከኑን ከሐኪሙ ጋር በቀጠሮ ቀን መሥራት፣ በየቀኑ በቤት መለማመድ የሚቻል ነገር ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የሚያስፈልገው እዚህ ሁለትና ሦስት መድኃኒት በሙሉ መጠን ተሞክሮ ካልሠራ ወይም ሐኪሙ ከጻፈ ነው። የተሻለው ሰው መድኃኒቱን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥል፤ ሲቆምም በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ነው። በፈተና ሰሞን፣ ከወሊድ በኋላ ወይም ለቅሶ ሲደርስ ድርጊቱ ሊያንሰራራ ይችላል። ያን ጊዜ የድሮውን የእርከን ወረቀት አውጥቶ ከ40ው መጀመር፣ ቀጠሮውንም ማስቀደም ነው።