የሴኔቱ ሕሊና

ዛሬ ጉዳይ ገጥሞኝ ዋሽንግተን ካፒቶል ሂል ሄጄ፣ ሴናተሮች ቢሮ ያላቸውን ሃርት ሕንፃን አየሁት። በነጭ እብነበረድ የተለበጠ ትልቅ ሕንፃ ነው። መግቢያው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ቆሜ አነበብኩ። ሕንፃው በስማቸው የተሰየመላቸውን ሴናተር ፊሊፕ ሃርትን «የሴኔቱ ሕሊና» ይላቸዋል። ትሕትናቸውንና ንጽሕናቸውን ሲመሰክር ልቤ ተነካ።

ፊሊፕ ሃርት የሚሺጋን ጠበቃ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ፈረንሳይ ኖርማንዲ ውስጥ፣ «ዩታ» በተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ቆሰሉ። ባትል ክሪክ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ሲታከሙ ቦብ ዶልና ዳንኤል ኢኖዬም እዚያው ነበሩ። ሦስቱም ኋላ ሴናተር ሆኑ፤ ይገርማል!

እኔን ግን የያዘኝ የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ሴኔት ውስጥ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው፤ በተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ኢማኑኤል ሴለር። ከዚያ በፊት ወደ አሜሪካ ለሚገባ ሰው ኮታው በትውልድ አገር ነበር። ለብሪታንያ በዓመት ከ65 ሺህ በላይ፣ ለኢትዮጵያ 100 ሰው! መቶ ብቻ! አዲሱ ሕግ ያንን አፍርሶ ለቤተሰብ ቅድሚያ ሰጠ። በኋላ የስደተኛ (ሬፊውጂ) ፕሮግራሙም የዲቪ ሎተሪውም በሌላ ሕግ መጡ፤ እህቱን፣ ወንድሙን፣ እናቱን ፎርም ሞልቶ ያመጣ ሰው ግን የእኚህ ሰው ሥራ ደርሶታል። እኔም እህቴን ያመጣሁት በዚሁ መንገድ ነው።

በ1976 በካንሰር ታመው ሳሉ ነው ባልደረቦቻቸው ገና በግንባታ ላይ የነበረውን ሕንፃ በስማቸው የሰየሙት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ የሥራ ዘመናቸው ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። በዚያ በኩል የምታልፉ ወገኖች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጽሑፉን አስነብቧቸው።