በሀይዌይ 82 ወደ ቢቢ ኪንግ ከተማ

ወደ ኢንዲያኖላ፣ ሚሲሲፒ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሜምፊስ ነው። ሁለት ሰዓት ከምናምን ነድቶ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሆነው የብሉዝ ታላቅ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች የቢቢ ኪንግን ሙዚየም አይቶ ይመለሳል። እኔ የምኖረው አትላንታ ስለሆነ በሌላ በኩል፣ አላባማን አቋርጬ ገባሁ። በዚህም ደስ ብሎኛል። ከተስካሉሳ ጀምሮ የያዝኩት ሀይዌይ 82 የቢቢ ኪንግን ልጅነት ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። ያደገበትም፣ የተወለደበትም፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ለሳንቲም የተጫወተበትም በዚሁ አንድ መንገድ ላይ ናቸው።

አላባማ ዝናብና የጭነት መኪና ብቻ ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሚሲሲፒ ልግባ።

መጀመሪያ የሚገኘው ኪልማይክል ነው። በጣም ትንሽ ከተማ ናት። ቢቢ ኪንግ፣ በትክክለኛ ስሙ ራይሊ ኪንግ፣ በእናቱና በአያቱ እጅ ያደገው በዚህ አካባቢ ነው። እናቱ የሞተችው ገና ልጅ ሳለ ነው። አያቱ ደግሞ በ1940 ሞተች። ልጁ በ14 ዓመቱ ጎጆው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ያም ሆኖ ማረሱን አላቆመም። ጊታር ያየው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ሰባኪው ሲጫወት። የመጀመሪያዋን ጊታሩን በ15 ዶላር የገዛውም ከደመወዙ ላይ እየተቆረጠ ነው። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። መኪናዬን አቁሜ ኮረብታዎቹን ሳይ ግን ሌላ ስሜት ነው የተሰማኝ። በ14 ዓመቴ እኔ የራሴን ልብስ እንኳን አላጥብም ነበር።

ዊኖናን አልፎ ትንሽ ሲነዳ ኮረብታው ድንገት ያልቃል። መንገዱ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሜዳ ነው። ዴልታ የሚባለው ይኸው ነው። የሄድኩት በጥቅምት ስለነበር ጥጡ ደርሷል። ግራና ቀኙ ነጭ ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ ሳይቀር ከጭነት የወዳደቀ ብናኝ ጥጥ ለብሷል። እርሻው መሃል በቢጫና በሮዝ ፕላስቲክ የተጠቀለሉ ትልልቅ ክብ የጥጥ ጥቅሎች ተደርድረዋል። ዛሬ የሚለቅመው ማሽን ነው። ሰው አይታይም።

ወርጄ መንገድ ዳር ከበቀለ አንድ ተክል ላይ ጥጥ ለመቅጠፍ ሞከርኩ። ጥጡ ለስላሳ ነው። የያዘው ቅርፊት ግን ሲደርቅ አራት አምስት ቦታ ይሰነጠቅና ጫፉ እንደ መርፌ ይሆናል። ጣቴን ወጋኝ። ለእኔ ጥጥ ማለት ጋቢ ነው። አያቴ ጥላው ስር ቁጭ ብላ እንዝርቷን ስታሾር፣ ከጎኗም ቡና ሲፈላ ነው የሚታየኝ። ጥጥ ሲባል ክፉ ነገር አስቤ አላውቅም። እዚህ ግን በዚህ ቅርፊት ጣቱ ያልደማ ጥቁር ቤተሰብ አልነበረም። የቢቢ ኪንግ ወላጆችም የሰው መሬት እኩል አራሾች ነበሩ።

ከግሪንዉድ በኋላ፣ ኢታ ቤና አጠገብ ቤርክሌር ትገኛለች። ቢቢ ኪንግ እዚህ የተወለደው በ1925፣ ሴፕቴምበር 16 ነው። በ2025 ከተወለደ መቶ ዓመት ሞላው ማለት ነው። ጎጆው ዛሬ የለም። የሚሲሲፒ ብሉዝ ትሬይል ሰማያዊ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ብዙ አልቆየሁም።

ስለ ሌሊቱ ደግሞ ልናገር። ያረፍኩት መንገድ ዳር ያለ አንድ ሞቴል ነው። ስሙ ይቅር። ኢንተርኔት ላይ 64 ዶላር ይላል። ስደርስ ግብር፣ የአገልግሎት፣ ደግሞ ሌላ ያልገባኝ ነገር ተጨማምሮ 97 ገባ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለውን ልጅ "ይሄ ምንድነው?" ስለው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና "ሲስተሙ ነው" አለኝ። ክፍሉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ኤሲው ሲንገጫገጭ አደረ። ብዘጋው ሙቀቱ አያስተኛም፣ ብከፍተው ጩኸቱ አያስተኛም። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጣሪያ ሳይ ቆየሁ። በ1956 ቢቢ ኪንግ በአንድ ዓመት ውስጥ 342 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል። በዚያ ዘመን በደቡብ የነጮች ሆቴል ጥቁር አያሳድርም ነበር። ይህን እያሰብኩ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ሰው ከሩቅ አገር ለሚመጣበት ከተማ እንዲህ ያለ አልጋ አይገባውም።

ጠዋት ቀጥታ ወደ ሰከንድና ቸርች ስትሪት መገናኛ ሄድኩ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሆን ብዬ ነው ቅዳሜን የመረጥኩት። ቢቢ ኪንግ በ1943 ወደዚህች ከተማ መጥቶ ሳምንቱን ሙሉ ትራክተር ይነዳ ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ጊታሩን ይዞ እዚህ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ጥቁሩም ነጩም የሚያልፍበት ቦታ ነው። መዝሙር ሲጫወት ሰዎች ራሱን ደባብሰው አመስግነውት ያልፋሉ። ብሉዝ ሲጫወት ግን ሳንቲም ይጥሉለታል። ብሉዝን የመረጥኩት በዚህ የተነሳ ነው እያለ ሲናገር ኖሯል። አሁን እግረኛ መንገዱ ላይ ሉሲል የተባለችው ጊታሩ ተስላለች። ሲሚንቶው ላይ የእጁና የእግሩ አሻራ ከነፊርማው አለ። አጎንብሼ ሳየው የገረመኝ ጣቶቹ ናቸው። ወፍራምና አጠር ያሉ፣ የገበሬ ጣቶች ናቸው።

ይህን ሳይ አንድ ሰባውን የዘለሉ ሰውዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። "ከየት ነህ ልጄ?" አሉኝ። ከአትላንታ እንደመጣሁ፣ ትውልዴ ግን ኢትዮጵያ እንደሆነ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው "ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" የሚለውን የመዝሙር ቃል በቃላቸው አሉልኝ። ሚሲሲፒ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ ከማላውቀው ሰው አፍ! ያደርኩበትን ሌሊት ረሳሁት።

እኚህ ሰው ቢቢ ኪንግን ብዙ ጊዜ አይተውታል። ከ30 ዓመት በላይ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ወደ ኢንዲያኖላ ይመለስ ነበር። ቀን ላይ ሜዳው ላይ በነጻ ይጫወታል፤ ሌሊት ደግሞ ክለብ ኤቦኒ ይገባል። "ልጆቹን ከፊት ነበር የሚያስቀምጣቸው" አሉኝ። "ትልልቆቹ ከኋላ ይቆማሉ።" የእሳቸው ልጅ የጊታር መምቻ ከእጁ ተቀብሏል። እስካሁን አልጣለውም።

ከዚያ "ና፣ ላሳይህ" ብለው በአሮጌ ፒክአፓቸው ይዘውኝ ዞሩ። ክለብ ኤቦኒን አሳዩኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተከፈተ፣ ሬይ ቻርልስና ካውንት ቤዚ የተጫወቱበት ቤት ነው። ከውጭ ሲታይ ተራ ቤት ነው። ቢቢ ኪንግ ሁለተኛ ሚስቱን ያገኘው እዚህ ነው፤ እናቷ የክለቡ ባለቤት ነበረች። በ2008 ክለቡ እንዳይጠፋ ራሱ ገዛው። አሁን የሙዚየሙ ሆኗል። ቀጥለው የቀብሩ ጸሎት የተደረገበትን ቤል ግሮቭ ቤተ ክርስቲያን አሳዩኝ። ለነዳጅ ብዬ 20 ዶላር ብዘረጋ እጄን መልሰው አጠፉልኝ።

የከተማዋን ፍርድ ቤት ሳልፍ እሳቸው ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። በጁላይ 1954 የዘር መለያየት እንዳይቀር የሚታገለው የመጀመሪያው የነጮች ሲቲዝንስ ካውንስል የተመሠረተው በዚህች ከተማ ነው። በኦገስት 1962 ደግሞ በኋላ ታዋቂ የጥቁሮች መብት ታጋይ የሆነችው ፋኒ ሉ ሄመር ከሌሎች 17 ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ለመራጭነት ልትመዘገብ የመጣችው ወደዚሁ ፍርድ ቤት ነው። አልመዘገቧትም። ሲመለሱ ፖሊስ አውቶቡሱ በጣም ቢጫ ነው ብሎ ቀጣቸው። ማታውኑ ከምትሠራበት እርሻ ተባረረች። እንግዲህ ቢቢ ኪንግ በየዓመቱ ተመልሶ በነጻ ሲጫወት የኖረው ለዚህች ከተማ ነው። ከተማዋ አከበረችው ሲባል እሰማለሁ፤ እውነትም አክብራዋለች። ነገር ግን አስቀድሞ እጁን የዘረጋው እሱ ነው። በየክረምቱ ጥቁርና ነጭ ልጆችን አንድ ሜዳ ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው። ይህ ሳይነገር የሚጻፍ ታሪክ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙዚየሙ የተከፈተው በሴፕቴምበር 2008 ነው። ግማሽ ጎኑ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ነው፤ የጥጥ መዳመጫ የነበረ። ቢቢ ኪንግ ራሱ በ1940ዎቹ እዚያ ሠርቷል። የቀን ሠራተኛ ሆኖ በገባበት በር ዛሬ ሰው ትኬት ቆርጦ የእሱን ታሪክ ለማየት ይገባል። ጡቡን በእጄ ነካሁት።

ውስጥ ግማሽ ቀን ቆየሁ። የወጣሁትም በቅቶኝ አይደለም። የትራክተሩ ታሪክ አለ። በ1946 አንድ ምሽት ትራክተሩን አቁሞ ሲወርድ ሞተሩ ገፋውና ከመጋዘኑ ጋር ተጋጨ፤ የጭስ ማውጫው ተሰበረ። ባለቤቱን ፈርቶ ጊታሩንና ሁለት ዶላር ተኩል ይዞ ሜምፊስ ገባ። በኋላ ግን ተመልሶ መጥቶ፣ ሠርቶ ዕዳውን ከፈለ። ለዘለቄታው የሄደው በ1948 ነው። ሜምፊስ ላይ ደብሊውዲአይኤ በተባለው ሬዲዮ ሠራ። ብሉዝ ቦይ የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው፤ ቢቢ የመጣው ከዚያ ነው።

የሉሲልን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1949 በብርዱ ወራት፣ ትዊስት በምትባል የአርካንሳስ መንደር ሲጫወት ሁለት ወንዶች ተጣልተው የሚነደውን የላምባ በርሜል ገለበጡት። ቤቱ ተቃጠለ። እሱ ወጥቶ ካመለጠ በኋላ ጊታሩን ለማውጣት እሳት ውስጥ ተመልሶ ገባ። ጠቡ ሉሲል በምትባል ሴት የተነሳ መሆኑን ሲሰማ ጊታሩን በስሟ ጠራት። ከዚያ በኋላ ያሉት ጊታሮቹ ሁሉ ሉሲል ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያሉ ጊታሮች ፊታቸው ላይ ሁለት ቀዳዳ አላቸው፤ ድምፁ ከፍ ሲል በዚያ በኩል ያፏጫሉ። እሱ ቀዳዳውን በፎጣ ይወትፈው ነበር። በኋላ ጊብሰን ኩባንያ ቀዳዳ የሌላት ሉሲል ሠራለት። መስታወቱ ላይ ተጠግቼ አየኋት፤ ጥቁር፣ ድፍን፣ በወርቅ ቀለም ያጌጠች ናት።

ግራ እጁ ሲንቀጠቀጥ የሚያሳየው ፊልም ፊት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። የእናቱ ዘመድ የሆነው ብሉዝ ተጫዋች ቡካ ዋይት ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ ነበር የሚጫወተው። ቢቢ ያን አልቻለበትም። ስለዚህ ያንን ድምፅ ለማምጣት ክሩን በጣቱ ይዞ ያርገበግበው ጀመር። አንድ ክር፣ አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ሲዘፍን አይጫወትም፤ ሲጫወት አይዘፍንም። ከላስ ቬጋስ ቤቱ የመጣው ስቱዲዮም እዚያ አለ።

መቃብሩ በግቢው ውስጥ ነው። በሜይ 14፣ 2015 በ89 ዓመቱ ላስ ቬጋስ ሞተ። አስከሬኑ በሜምፊስ ቢል ስትሪት አልፎ፣ ሀይዌይ 61ን ይዞ ወደዚህ መጣ። ሕዝቡ ሲሰናበተው ሁለት ሉሲሎች ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆመው ነበር። 15 ግራሚና የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳሊያ የወሰደ ሰው የትም ቢቀበር የሚከለክለው አልነበረም። እሱ ያረፈው በላብ ከሠራበት የጥጥ መዳመጫ ጎን ነው። እዚያ ቆሜ ጥላሁን ገሠሠን አሰብኩ። እሱም በ2009 በታላቅ ክብር ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል። ግን ያደገው ወሊሶ ነው። አንድ የወሊሶ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጥላሁንን ድምፅ የሚሰማበት፣ ማይኩን በመስታወት የሚያይበት ቤት ቢኖረው ምን ያህል ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ምኞት እዚህ የጻፍኩት ገንዘብም አቅምም ያለው ሰው ቢያነበው ብዬ ነው።

ምሳ የተጠበሰ አምባዛ በላሁ፤ 14 ዶላር። ዴልታ ውስጥ አምባዛ በኩሬ ነው የሚረባው። ከላይ የበቆሎ ዱቄት ለብሶ ይጠበሳል፤ ትኩስ ሲሆን ጣት ያስቆረጥማል። ቡናው ግን ውሃ ነው።

ከመውጣቴ በፊት ትንሽ ወደ ምዕራብ ነድቼ ሆሊ ሪጅ ደረስኩ። በ1934 የሞተው ቻርሊ ፓተን የተቀበረው እዚያ ነው። እሱም የዴልታ ብሉዝ ታላቅ ሰው ነበር። የመቃብር ድንጋይ የቆመለት ግን ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጎብኚ አልነበረም። ሰዎች ድንጋዩ ላይ ሳንቲም ትተውለታል። እኔም ጨመርኩ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በጁን መግቢያ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ የመታሰቢያው ፌስቲቫል የሚደረገው ያኔ ነው። ጥጡን ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ጥቅምትን ጠብቁ። ሙዚየሙን በአንድ ሰዓት አያለሁ አትበሉ፤ ግማሽ ቀን ስጡት። አልጋውን ግሪንዉድ ያዙ። ከዚያ ኢንዲያኖላ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው።