ጋሼ፣ ሊጫወቱ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ እኛ ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቼ ጥግ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። 14 ዓመት ቢሞላው ነው፣ ቅዳሜም ሆኖ የትምህርት ቤት ሹራቡን ያላወለቀ አንድ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሊጫወቱ ነው ወይስ ልጅ ፈልገው ነው?»

ልጅ ፈልገው! እኔ ልጅ የለኝም። 33 ዓመቴ ነው፤ ፀጉሬ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸ እንጂ ሌላ የሆንኩት ነገር የለም። ግን ልጁ አልተሳሳተም። ጌም ቤት የሚገባ ትልቅ ሰው ወይ ባለቤቱ ነው፣ ወይ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ነው፣ ወይ ደግሞ ልጁን በጆሮው አንጠልጥሎ ሊያወጣ የመጣ አባት ነው። ከእነዚህ ውጪ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ልጫወት ነው» አልኩት።

«እሺ፣ ተራ ይጠብቁ። ከፊትዎ 3 ሰው አለ» ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ይጠብቁ» አለኝ እኮ፣ በአንቱታ።

ቤቴ ፕሌይስቴሽን አለኝ። ይህን የሚያውቁ ጀለሶቼ ሁሉ «ቤትህ እያለልህ ምን ልትሠራ ነው ከሕፃናት ጋር ተራ የምትጠብቀው?» ይሉኛል። ነገሩ ረጅም ነው።

ያለኝ ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም ነው፤ በ2014 ያገለገለ ገዛሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ልትገዛ ስትሄድ መጀመሪያ የምትሰማው ጥያቄ «ቨርዥኑ ስንት ነው?» የሚል ነው፤ የሶፍትዌሩን ማለታቸው ነው። ዋጋውንም፣ ጤንነቱንም ገና ማንም አልጠየቀም። ቨርዥኑ ዝቅ ያለ ከሆነ ይሰበራል፣ ማለትም የሶኒ የሶፍትዌር ቁልፍ ይከፈታል፤ ከተሰበረ ጌም በርካሽ ይጭኑበታል፤ ስለዚህ ያረጀ ሶፍትዌር ያለው ዕቃ ከታደሰው ይወደዳል። እንዲህ ዓይነት ገበያ ሌላ የት እንዳለ እንጃ። እኔ የገዛሁት የታደሰውን ነው፣ ርካሽ ስለነበር እንጂ ከጨዋነት አይደለም።

ከዚያ ችግሩ ጌም ከየት ይመጣል የሚለው ሆነ። የሶኒ የኦንላይን መደብር አካውንት ስትከፍት አገር ምረጥ ይልሃል፤ ወደ ታች ብትወርድ፣ ወደ ላይ ብትወጣ ኢትዮጵያ የለችም። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ያለችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ስለዚህ እኔ በሶኒ መዝገብ የዱባይ ነዋሪ ነኝ። አንድም ቀን ዱባይን አላየሁም። እዚያ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት ካርድ ገዝታ ኮዱን በቴሌግራም የምትልክልኝ። በላከች ቁጥር «አሁንም ልጅነትህ አልለቀቀህም?» የሚል ድምፅ አብሮ ይመጣል። ነፃ አገልግሎት ስለሌለ እሰማለሁ።

ዕቃው ራሱ ደግሞ ብቻውን አይኖርም። ስታቢላይዘር ይፈልጋል፣ ጥሩ ዲቫይደር ይፈልጋል። መብራት በድንገት ሄዶ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ስታቢላይዘሩ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ቀጥሎ ፕሌይስቴሽኑ ነቅቶ «በትክክል አላጠፋኸኝም» ብሎ ይወቅሰኛል። ከዚያ ሀርድ ዲስኩን እመረምራለሁ ይልና ቁጭ ያደርገኛል። እኔ ነኝ እንዴ ያጠፋሁት?

በዚህ ጉዳይ ጥንቃቄዬ የበዛ ነው፤ ምክንያት አለኝ። በ1996 አጎቴ ከዋሽንግተን ዲሲ ሲመጣ ፕሌይስቴሽን 2 ይዞልን መጣ፤ ያን ትልቁን፣ ጥቁሩን። ሰፈሩ በሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ያ ዕቃ የአሜሪካ ስለነበር የሚፈልገው 120 ቮልት ነው። የኛ ግድግዳ ደግሞ 220 ይሰጣል። አጎቴ ይህን ያውቃል ብለን እኛ ዝም አልን፣ አጎቴ ደግሞ እዚህ ያሉት ያውቃሉ ብሎ ሰካው። ቀይዋ መብራት ለአንድ ትንፋሽ ያህል በራች። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተና አያቴ «በስመ አብ!» ብለው ተነሱ። አንድ የቴሌቪዥን ጠጋኝ የኃይል ሰሌዳውን ቀይሮ፣ ከድንች ጆንያ የሚከብድ ትራንስፎርመር ሸጦልን ዕቃው ነፍስ ዘራ። የፕሌይስቴሽን 4 የኃይል ክፍል ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ አደጋ የለም። እኔ ግን እስከ አሁን ማንኛውንም ነገር ከመሰካቴ በፊት ጀርባውን አገላብጬ አነባለሁ፤ የፀጉር ማድረቂያም ቢሆን።

ሌላው ጣጣ ሙቀት ነው። ማራገቢያው እንደ አውሮፕላን ሲጮህ አቧራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አቧራውስ አለ፤ በየ6 ወሩ ከፍቼ በብሩሽ እጠርጋለሁ፣ በዓመት አንዴ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት እቀይራለሁ። ግን ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ ሲሳሳበት ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መሮጥ አለበት። ኃይሌን ያሠለጠነ አየር ፕሌይስቴሽኔን ያስለከልካል።

ቅዳሜ ዕለት ከቤት ያስወጣኝ ግን ጆይስቲኩ ነው። ሳልነካው ወደ ግራ ይሄዳል። ሜኑ ውስጥ ሆኜ ቡና ላፈላ ብነሳ፣ ስመለስ እሱ በራሱ ቡድን እየመረጠ ነው። እንዲህ የሚሆነው አውራ ጣት ከሚያርፍባት ዘንግ ሥር ያለች የካርቦን ቀለበት ላይ ጥቃቅን የብረት ጣቶች ስለሚሄዱባት ነው፤ ሺህ ጊዜ ሲመላለሱባት ትላጣለች፣ ከዚያ መሐሉ የት እንደሆነ ይጠፋታል። ንፁህ አልኮል ጠብ ቢደረግበት አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይሠራል። ከዚያ ያው ነው። መድኃኒቱ ክፍሉን ነቅሎ መቀየር ነው፤ እሱ ደግሞ 14 ቀጫጭን እግሮች ስላሉት በሶልደር ማላቀቅ ለኔ ዓይነት እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው አይሆንም።

የኔ ጠጋኝ ፒያሳ ነበር፣ ደረጃ ሥር ባለች፣ እሱና አንድ ደንበኛ አብረው መቆም በማይችሉባት ሱቅ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ስልኩ ብቻ ቀረኝ። አሁን መገናኛ አንድ ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ከስልክ ጠጋኞች መሐል ገብቷል፤ እዚያ ደግሞ ሱቁ በቁጥር ስለሆነ ሁለቴ ጠፍቼ ነው ያገኘሁት። በማግኔት የሚሠራውን፣ ምንም ነገር የማይነካካበትን አዲሱን ዓይነት ልግጠምልህ አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያው ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የጆይስቲክ ዕቃም፣ የፕሌይስቴሽን 5 ሕልሜም አብረው ወደ ላይ ሄዱ። ተራውን ዓይነት እንዲገጥምልኝ ትቼለት፣ «ማታ ና» ሲለኝ ወጣሁ። እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ጆይስቲክ ነኝ ማለት ነው። ወደ ጌም ቤት ያመራሁት በዚህ ምክንያት ነው ብል ግን ውሸት ነው። ቢሠራም እሄድ ነበር።

ቤት ሆኜ ኦንላይን እሞክራለሁ። ኳሷን ስልካት፣ ኢንተርኔቱ ስለሚዘገይ ቆይታ ትሄዳለች፤ ተከላካዬ የሚነቃው አጥቂው ካለፈ በኋላ ነው። ተጋጣሚው የት አገር እንዳለ አላውቅም፤ ሲያሸንፈኝ ዝም ይላል፣ ሳሸንፈው መስመሩን ነቅሎ ይጠፋል። ይህ ምኑ ጨዋታ ነው? ተጋጣሚ ማለት ክርኑ ጎንህን የሚነካህ፣ ሲያገባ ፊትህ ላይ የሚጮህ፣ ከኋላው ደግሞ ምንም ሳይከፍሉ የሚያሠለጥኑህ 6 ልጆች ያሉት ነው። «ስጠው! ስጠው! ኧረ ይሄ ሰውዬ!»

በኛ ጊዜ አንድ ጌም 1 ብር ነበር፣ የተሸነፈ ይከፍላል። የምንጫወተው ፔስ 6 የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም ነው። ኢንተር ሚላንን መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ምክንያቱም አጥቂው አድሪያኖ ከመሐል ሜዳ ቢመታም በረኛው ጓንቱን ይዞ መረብ ውስጥ ይገባል። ሕጉን ያወጣው ባለቤቱ ነው፤ ወንበር ከተሰበረ በኋላ። የዛሬዎቹ ልጆች ፔስን አያውቁትም። ፔስ በ2021 እ.ኤ.አ. ስሙንም ጠባዩንም ቀይሮ ሲወጣ የተጫዋቾቹን ፊት አይቶ ያልሳቀ የለም። ፊፋም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊፋ አይባልም፤ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። ግን እስቲ አንድ ጌም ቤት ገብታችሁ «ኤፍሲ አለ?» በሉ። ፋራ ነው የምትባሉት። ፊፋ ነው፣ ፊፋ ሆኖ ይኖራል።

ከቤት ወጥቶ የመጫወት ሱሴ በእርግጥ በእግር ኳስ ብቻ አልቆመም። ኤድና ሞል ሲከፈት መሪና መቀመጫ ያለው የመኪና እሽቅድድም ማሽን ላይ የቁርስ ገንዘቤ አልቋል። አንዲት ልጅ ሲኒማ ልጋብዝሽ ብዬ እዚያው ማሽን ላይ 40 ደቂቃ አቁሜያት ፊልሙ አምልጦናል፤ ጨዋታውን ግን ከኔ በላይ ወደደችው። አሁን ደግሞ ከእህቴ ልጅ ጋር በስልክ ኩኩሉን እንጫወታለን፤ ቅኔ ጌምስ የሚባለው የአገር ልጅ ድርጅት የሠራው፣ ዶሮዋ ከባለቤቷ የምታመልጥበት ነው። እሱ ለዶሮዋ ያዝናል። እኔ በዓል ሲደርስ ዶሮ ስንት እንደሚሸጥ ስለማውቅ ለባለቤቷ አዝናለሁ።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ተራዬ ደረሰ። ሹራብ የለበሰው ሦስቱንም አሸንፎ ወንበሩ ላይ ነው፤ አሸናፊ ይቀጥላል። አርሰናልን ወሰድኩ። እሱ ቡድን ሲመርጥ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወርዶ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ባለ 3 ኮከብ ክለብ ላይ ቆመ።

«ተሳሳትክ» አልኩት።

«አይ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

አግዳሚው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

በ20ኛው ደቂቃ 1 ለ 0። በ33ኛው 2 ለ 0፤ ቁጥሯ ዕድሜዬ መሆኗን ለማንም አልተናገርኩም። «ይሄ ጆይስቲክ ወደ ግራ ይሄዳል» አልኩ። እውነት መስሎኝ ነው፣ የቤቴን ለምጄ። ልጁ ጨዋታውን አቆመ፣ የራሱን ጆይስቲክ አቀበለኝ፣ የኔን ወሰደ። ኤክሷ ተፍቃ ምልክቷ የጠፋ፣ ጀርባዋ በፕላስተር የተጠቀለለ ነበረች፤ ያለምንም ችግር 3 ለ 0 አደረገው።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ መጋረጃው ተገለጠ። ነጠላ ያደረገች ሴት ናት። ቤቱ በአንዴ ጸጥ አለ። ይህን ጸጥታ በ20 ዓመትም አልረሳውም፤ የኔ እናት ስትመጣ እንዲሁ ነበር፣ ሁሉም ልጅ የማን እናት እንደሆነች እስኪለይ ትንፋሹን ይውጣል።

«አንተ! ዳቦ ግዛ ብዬ የላክሁህ ስንት ሰዓት ነው?»

ሹራብ ለባሹ ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ከኪሱ የዳቦውን ብር አውጥቶ አሳየ፣ አልነካሁትም ለማለት። እሷ ክንዱን ያዘችውና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ድምፅዋ ወዲያው ለሰለሰ።

«ወንድሜ፣ የእርስዎም እዚህ ነው እንዴ የሚውለው?»

«አዎ» አልኳት፣ ጆይስቲኩን ቀስ ብዬ ከጉልበቴ ሥር እያስገባሁ። «ምን ይደረጋል።»

ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ልጁ መጋረጃው ሥር ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ሰዓቱ 51ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ የተጋጣሚዬን ጆይስቲክ የያዘ ማንም የለም። ቀጠልኩ። 3 ለ 2 አለቀ፣ ሂሳቡንም እኔ ከፈልኩ።