ውርጅብኝ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ደብሮኛል።

ትናንት ማታ ታናሼ መጥቶ ነበር። ከሥራ እንደቀነሱት ነገረኝ። "ነግሬህ አልነበር?" ብዬ ጀመርኩ። ድሮ ካቋረጠው ትምህርት አንስቶ አምና ለጓደኛው እስካበደረው ብር ድረስ ያልቆጠርኩት የለም። እሱ የሃይላንዱን ወረቀት በጥፍሩ ቀስ እያለ ይልጣል። ልጦ ሲጨርስ "በቃ ልሂድ" አለና ተነሳ። የቀዳሁለትን ሻይ አልነካውም።

ጠዋት ለትርጉም ሥራዬ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አንድ ቃል ያዘኝ። "ጆቤሽን" ይላል። ዛሬ እንግሊዞቹም እምብዛም አይሉትም። ረጅም፣ የማያባራ ቁጣ ማለት ነው። ምንጩ ለካ ኢዮብ ነው! ወዳጆቹ በመከራው ላይ ካወረዱበት ወቀሳ የመጣ ቃል ነው። መንጋጋ በእንግሊዝኛ "ጆ" ስለሚባል፣ በድምፅ መቀራረቡ ቃሉን ከመንጋጋ ጋር ያገናኙትም አሉ።

በእኛ "ውርጅብኝ" ይቀርበዋል። መጨረሻው ላይ ያለችው "ብኝ" ግን ሁሌ ታሳዝነኛለች። ቃሉን ስሰማው የሚናገረው ተቆጪው ሳይሆን የወረደበት ሰው ይመስለኛል።

የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር እኮ ከየአገራቸው የመጡት ሊያጽናኑት ነው። ሲያዩት አለቀሱ፣ ልብሳቸውን ቀደዱ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በልዳዶስማ አሥር ልጆች በአንድ ቀን ላለቁበት አባት፣ ልጆችህ በድለው ይሆናል አለው።

ያ ዝምታ እኛም ጋ አለ። ለቅሶ ቤት ገብተን "እግዜር ያጥናህ" እንላለን፤ ከዚያ ቁጭ ነው። "ለምን ቀደም ብላችሁ ሐኪም አላሳያችሁትም?" የሚል ቢነሳ እንኳ ጎኑ ያለው በክርኑ ነካ ያደርገዋል። ሥራ ላጣ ሰው ግን ድንኳን አይጣልለትም። ወንድሜ ፊት እንደዚያ የደፈርኩት ለዚህ ይሆን? በክርኑ የሚነካኝም አልነበረም።

ከሰዓት ሦስቴ ስልኬን አነሳሁ። "ይቅርታ" ልል ስል "ግን እኮ አንተም..." የሚለው ከኋላው ተሰልፎ ይመጣብኛል። መልሼ አስቀመጥኩት።

ዝም ብዬ ብሄድስ? በሩን ከከፈተልኝ፣ ምንም ሳልናገር አጠገቡ መቀመጥ እችል ይሆን?