ለልጆች ልብ፦ ከለንደን ፓሪስ በብስክሌት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ነው? እግርህን አላመመህም? እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን ዋናው ሥራ ያለቀው እዚሁ ፒያሳና ቸርችል ጎዳና ላይ ነው።

ነገሩን ያመጣው ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። እዚያ ያሉ የኛ ልጆች ተሰባስበው ፓሪስ ድረስ በብስክሌት ሊሄዱ፣ በዚያ ሰበብ የሚገኘውን ገንዘብ ልባቸውን ለታመሙ ሕፃናት ሊሰጡ አስበዋል። «አንተ ከአዲስ አበባ ብትመጣ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል!» አለኝ። ብስክሌት ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍሴ ነው። በዚያ ላይ ወደ ቢሮ ስሄድ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ነው የማልፈው። የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ ስንት ዓመት የለፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ ማዕከል ነው። ጠዋት ጠዋት ከክፍለ ሀገር ልጅ ይዘው የመጡ እናቶችን በሩ አካባቢ አያለሁ። እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀብኝም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ስለ ሕመሙ መጠየቅ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ልጆች ልባቸውን የሚታመሙት በጉሮሮ ሕመም ሰበብ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ጉሮሮን የሚያቆስል አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አለ። በወቅቱ ካልታከመ፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ማጥቃት ሊጀምር ይችላል። ልጁን ያተኩሰዋል፣ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ያሳብጠዋል። ከዚያ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች ያበላሻል። በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። በጊዜው ቢደረስበት ፔኒሲሊን ይበቃው ነበር። እኛ ግን እንጥሉ ወርዶ ነው ብለን እናስቆርጣለን። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይገድልም። ሕመሙ አንዴ ከያዘው ልጁ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ እየተወጋ ዓመታት ይቆያል። ቫልቩ ክፉኛ ከተጎዳ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

ይህን ቢሮአችን አጠገብ ቡና ለሚያፈሉልን እናት እያወራሁላቸው ነበር። ጀበናውን አስቀመጡና ዝም ብለው አዩኝ። «የኔዋም በየወሩ መርፌ ትወጋለች» አሉ። «ጉሮሮዬን ስትለኝ እንጥል መስሎኝ ነበር።» ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የተጣጠፉ ብሮች አወጡ። «ኧረ እማማ፣ ይቅር» ብላቸው «ልጄ፣ ይቺን አትከልክለኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሳነጋግር ወሬዬን የምጀምረው ከጉሮሮ ሕመም ሆነ። ብስክሌቱን መጨረሻ ላይ ነው የማነሳው። ሰው እጁን የሚዘረጋው ለልጁ ነው፣ ብስክሌቱ ለጨዋታ መክፈቻ ነው።

ገንዘቡ ላይ ግን ፍርጥም ብያለሁ። አንደኛ፣ በኔ እጅም በኔ አካውንትም አንድ ብር አላለፈችም። ሁሉም በቀጥታ ለማዕከሉ አስገብቶ ስክሪንሾቱን ይልክልኛል። የእማማንም ብር አብሬያቸው ባንክ ሄጄ በስማቸው ነው ያስገባነው፣ ደረሰኙን እሳቸው ያዙት። ሁለተኛ፣ የአውሮፕላን ትኬቴን፣ ቪዛዬንና ማደሪያዬን ከራሴ ኪስ ከፈልኩ። ለልጅ ሕክምና ተብሎ ከተሰጠ ገንዘብ የጎብኚ ወጪ መሸፈን ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ራስን መቻል ካልተቻለ እዚሁ ሆኖ ማሰባሰብ ይሻላል። በየኪሎ ሜትሩ ይህን ያህል ብለው ቃል የገቡ ነበሩ፤ እነሱን ሳልሄድ አስከፈልኳቸው። የሰው ልብ ሞቅ ሲል ነው መቀበል።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነገር ልበል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ቪዛቸው ለየብቻ ስለሆነ ከወራት በፊት ይጀመር። ብስክሌቱ ተፈታትቶ በካርቶን ይገባል። የግራውን ፔዳል ስትፈቱ ተጠንቀቁ፤ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ቁልፉን የምታዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ነው። ብዙ ሰው ወዲያ ወዲህ እየታገለ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልምምዴ ከአራት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣት ነበር። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ከዚያ ወርዶ ባሕር ዳርቻ ላይ መጋለብ ትንፋሽ እንደልብ ነው።

የያዝነው አቬኑ ቬርት የሚባለውን የብስክሌት መንገድ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለንደን ውስጥ መኪና በግራ ስለሚሄድ አእምሮዬ አላርፍ አለ፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ የአክስቴን ልጅ ጀርባ ነበር የምከተለው። ከኒውሄቨን በመርከብ ተሻግረን ዲየፕ ስንወርድ እንደኛ አገር ቀኝ ሆነና ተገላገልኩ። ከዲየፕ ወጣ ብሎ የድሮ የባቡር ሐዲድ ተነስቶ አስፋልት የሆነ መንገድ ይጀምራል። እስከ ፎርዥ ሌዞ ድረስ መኪና የሌለበት፣ ግራና ቀኙ ላምና ፖም ነው። ዳገት ያላስቸገረኝን ሰውዬ እዚያ ነፋስ ፈተነኝ። ፊት ለፊት ሲመጣ ብቻህን አትችለውም። አንዱ ፊት ሆኖ ነፋሱን ይጋፈጣል፣ ሌላው ከኋላው ተጠግቶ ያርፋል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። በሶ ይዤ ሄጄ ነበር። በውሃና በማር በጥብጬ ስጠጣ አብረውኝ ያሉት ለመኑኝ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ አለቀ።

አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ማልያዬ ላይ ያለውን ባንዲራ አይተው «ግርማይ!» አሉኝ። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ትልቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሳቸው ያስታውሱታል፣ እኛ ሰፈር ግን የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? ይህ ያንገበግበኛል።

ፓሪስ ስንገባ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ፎቶ ተነሳን፣ በቃ።

አሁን የምፈልገው ይህንኑ እዚህ ማድረግ ነው። በኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ቪዛ የለ፣ ትኬት የለ። በየትምህርት ቤቱ በር ቆም እያልን ለልጆቹም ለወላጆቹም ስለ ጉሮሮ ሕመም እየነገርን መሄድ እንችላለን። የራሱ ብስክሌት ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ይከራይ። ሐኪም የሆነ አብሮን የሚጋልብ ሰው ከተገኘማ ዛሬውኑ ቀን እንቆርጣለን።