እኛን ያነሳው ግሪካዊ

ስለ ፍልስፍና አጀማመር ሲጠይቁኝ ብዙዎች የሶቅራጥስን ስም ይጠብቃሉ። እኔ የማነሳው ግን ግሪካዊውን ገጣሚና ፈላስፋ ዜኖፋነስን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ኮሎፎን ውስጥ ተወለደ። ግጥሙን ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖረ።

ኢትዮጵያውያን አማልክታቸው ጥቁርና ደፍጣጣ አፍንጫ ናቸው ይላሉ፤ ከግሪክ በስተሰሜን ያሉት የትራቅያ ሰዎች ደግሞ የነሱን ዓይነ ሰማያዊና ቀይ ጸጉር ያደርጓቸዋል፤ ብሎ ጻፈ። (ያኔ ግሪኮች «ኢትዮጵያውያን» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ማለታቸው ነበር።) በሬና ፈረስም እጅ ቢኖራቸው አማልክትን በራሳቸው መልክ ይስሉ ነበር አለ።

የምወደው እዚህ ላይ አለማቆሙን ነው። በመልክም በሐሳብም ሰውን የማይመስል አንድ ታላቅ አምላክ አለ አለ። ስለ አማልክት ጥርት ያለውን እውነት ያወቀ ሰው ግን የለም ሲልም ጻፈ። በሙሉ ልብ እያመኑ «ልሳሳት እችላለሁ» ማለት ይቻላል? ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ጥያቄ ነው።