መመለሻ ሰዓት የሌለው ጽንፍ

ኢንተርኔት ላይ ስለ ሕይወት የሚመክሩ ሰዎችን ለጥቂት ቀን ብትከታተሉ ሁለት ጎራ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። አንደኛው ሁሉንም ነገር እስከ ጥግ ነው የሚለው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፣ ስኳር የሚባል ነገር በአፍህ እንዳይዞር፣ ስራህ ላይ ሙት፣ ጓደኛ ምናምን በኋላ ይደርሳል። ሁለተኛው ደግሞ አይ ረጋ በል፣ ሁሉም በልኩ ሲሆን ነው፣ ማርም ሲበዛ ይመራል ይላል። የኔ ልብ ወደ ሁለተኛው ነው የሚያደላው፣ ግን ልከኝነት ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳበት መንገድ ያናድደኛል፣ ልከኛ ሰው ማለት ለምንም ነገር የማይነድ፣ ትንሽ የሚወድ፣ ትንሽ የሚሰራ፣ ለብ ያለ ሰው ይመስላቸዋል። እንደዛ ከሆነማ የትኛው ወጣት ይፈልገዋል? ባይፈልገውም አልፈርድበትም።

የልከኝነት አባት የሚባለው አርስቶትል ራሱ እንደዛ አላለም እኮ። ድፍረት በፈሪነትና በጭፍን ጀብደኝነት መሃል ነው ያለው፣ ግን መሃል ሲል በማስመሪያ ለክቶ ግማሹ ጋር ማለቱ አልነበረም። ያመጣው ምሳሌ ደስ ይለኛል፣ አስር ምና (የጥንት ግሪኮች የክብደት መለኪያ ነው) ምግብ የሚበዛ ሁለት ምና የሚያንስ ከሆነ አሰልጣኙ ለሁሉም ሰው ስድስት ብሎ አያዝም ይላል፣ ምክንያቱም ስድስቱ ሚሎ ለሚባለው ዝነኛ ታጋይ ትንሽ ነው፣ ስፖርት ገና ለጀመረ ሰው ግን ይበዛል። ልኩ እንደ ሰውየው ነው ማለት ነው። ደግሞ መሃል የሚባል ነገር የሌላቸው ነገሮች አሉ ብሏል፣ በልኩ መስረቅ፣ በልኩ መግደል የሚባል የለም።

ስለዚህ ጽንፍ ሁሉ መጥፎ ነው ብዬ አልከራከርም። ጥሩ ነገር የሰራ ሰው ሁሉ የሆነ ጊዜ ላይ ልክ አልፏል፣ መመረቂያ ጽሁፍ የጻፈ፣ ድርጅት ያቋቋመ፣ ልጅ ያሳደገ። የረጅም ርቀት አትሌቶችን እንኳን ብታዩ ቀኑን ሙሉ መካከለኛ ሩጫ አይደለም የሚሮጡት፣ አብዛኛው ልምምዳቸው እያወሩ የሚሮጡት ቀላል ነው፣ ትንሿ ግን በጣም ከባድ ናት። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው፣ ጽንፍ ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ የሚበላሽብን በቃ የሚለን ነገር ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የእንቅልፍ ጥናት አለ፣ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሰራ። ሰዎቹን በቡድን በቡድን ከፍለው ለ14 ቀን አንዱን በቀን 4 ሰዓት፣ አንዱን 6፣ አንዱን 8 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጓቸው። ስድስት ሰዓት የምንተኛ እኮ ብዙ ነን። የነሱ ንቃትና ፍጥነት ቀን በቀን እየወረደ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጨርሶ ሳይተኛ ካደረ ሰው እኩል ሆነ፣ አራት ሰዓት የሚተኙትማ ከዛም ባሰ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይሄ አይደለም። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ መጀመሪያ ቀናት ላይ ጨመረ፣ ከዛ የሚሰጡት መልስ እዛው ላይ ቀረ፣ ስራቸው ቁልቁል እየወረደ እነሱ ግን ለምደነዋል ብለው አሰቡ። ስለዚህ በትንሽ እንቅልፍ ወራት የከረመ ሰው እኔ ደህና ነኝ ቢለኝ ቃሉን ብቻ ይዤ ማመን ይከብደኛል፣ አይዋሽም፣ ግን እንዴት ያውቃል?

ረሃብም እንደዛው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪይስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ረሃብ አቆያቸው፣ ሁሉም በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው፣ በጦርነት የተጎዳ ሕዝብን እንዴት እንመግብ የሚለውን ለማወቅ ነው። ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ገደማ እየበሉ በሳምንት 35 ኪሎሜትር ይራመዱ ነበር። ክብደታቸው ሩብ ያህል ቀነሰ፣ እሱ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው ጭንቅላታቸው ውስጥ የሆነው ነው፣ ሳህን ይልሳሉ፣ ምግብ አሰራር መጽሐፍ እንደ ልብወለድ ቁጭ ብለው ያነባሉ፣ ስለ ሴት ስለ ፖለቲካ ማውራት ተዉ፣ ወሬው ምግብ ብቻ ሆነ። እንዳሻችሁ ብሉ ሲባሉ ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪያማቸው እየበሉ ጠገብኩ የሚል ስሜት አጡ። ከሰኞ ጀምሮ ምንም አልበላም ብሎ ሐሙስ ማታ ማዕድ ቤቱን የሚያራቁትን ሰው ወኔ የለህም ብላችሁ አትስደቡት፣ ሰውነቱ ነው የተበቀለው።

ይሄን ከማንም በላይ በደንብ የሚያውቁት ተራራ ወጪዎች ይመስሉኛል። ኤቨረስት ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የሚገኘው ኦክስጅን እዚህ ታች ካለው ሲሶ ገደማ ነው፣ እዛ ላይ ጭንቅላት በደንብ አያስብም። ስለዚህ አስጎብኚዎቹ ሰው ሳይነሳ በፊት ሰዓት ይቆርጣሉ፣ የተለመደው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ጫፉ 100 ሜትር ቢቀር፣ ጫፉ በዓይን ቢታይ እንኳን 8 ሰዓት ላይ ዞሮ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 ከዛ ሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ የደረሱ ነበሩ፣ ማዕበል መጣ፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተራራው ላይ 8 ሰው ሞተ፣ ከሟቾቹ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሰው ሲመሩ የኖሩ ባለሙያዎች ነበሩበት። ተራራ መውጣት የመጨረሻ ጽንፍ ነው፣ ግን ደንቡን ያወጣው ታች ሆኖ በሙሉ አእምሮ የሚያስበው ሰው ነው፣ ላይ ያለው ሰው መደራደር አይፈቀድለትም። እኔ ልከኝነት የምለው ይሄንን ነው።

አንድ የማውቃት ልጅ አለች፣ ስራዋ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኮምፒውተር አያስነሳትም። ድሮ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላም መውጣት ያቅታት ነበር፣ አንዱን ጨርሳ ሌላውን ትጀምራለች። አሁን ከመጀመሯ በፊት የሚያልቅበትን ቀን በወፍራም ማርከር ወረቀት ላይ ጽፋ ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ትለጥፋለች፣ ከስሩ ደግሞ "ታናሼ በቃ ካለች በቃ ነው" ይላል። አንድ ማታ እዛው ነበርኩ፣ ታናሽ እህቷ ገብታ ወረቀቱን አየችና "ቀኑ ትናንት ነበር፣ ተነሺ" አለቻት፣ እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ "ደህና ነኝ እኮ፣ አምስት ደቂቃ" አለች፣ ታናሿ አልተከራከረችም፣ ላፕቶፑን ዘጋችው። ለቅጽበት ትልቋ የተቆጣች መስሎኝ ነበር፣ ከዛ ግን ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ "ስንት ሰዓት ነው?" አለች፣ ቀን መሆኑንና ማታ መሆኑን እንኳን ረስታለች።

የጽንፍ ጎራ ሰዎች ሁሌ የሚያነሱት የሂሳብ ሊቁን ፖል ኤርዶሽን ነው፣ እውነትም ከባድ ምስክር ነው፣ ወደ 1,500 የሚጠጋ የምርምር ጽሁፍ፣ እድሜውን ሙሉ ሂሳብ፣ ሲያረጅም አምፌታሚን በሚባል አነቃቂ መድኃኒት እየታገዘ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጓደኛው ሮን ግራሃም ለአንድ ወር ይሄን መድኃኒት አትተውም ብሎ በ500 ዶላር አስያዘው፣ ኤርዶሽ አሸነፈ፣ ከዛ ሂሳብን በአንድ ወር ወደ ኋላ መለስከው ብሎ ወቀሰውና ተመልሶ ገባበት። ግን የሚረሳ ነገር አለ፣ ኤርዶሽ ቤት አልነበረውም፣ በየሀገሩ ጓደኞቹ ናቸው የሚያስተናግዱት፣ ገንዘቡን እንኳን የሚይዝለት ግራሃም ነበር። እንደዛ ጽንፍ ላይ የሚኖር ሰው ጀርባ የተረሳውን ኑሮ የሚሸከምለት ሌላ ሰው አለ፣ ሚስት፣ እናት፣ ጓደኛ፣ እና አብዛኛውን ጊዜ የነሱን ስም አናውቀውም።

በሌላ በኩል ልክ የሚባል ነገር ጭራሽ የማይሰራላቸው አሉ። መጠጥ ሱስ ለሆነበት ሰው "ትንሽ ትንሽ ብቻ ጠጣ" ማለት ብዙ ጊዜ ጭካኔ ነው፣ ለሱ ፈጽሞ መተው ከመቆጠብ ይቀለዋል፣ ቁማርም ላይ ያው ነው። (ለዓመታት ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር በአንድ ቀን እንዳይቆርጥ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሊያመጣ ይችላል።) እንዲህ አይነቱን ሰው አክራሪ የሚሉት ሰዎች አይገቡኝም።

ቀን ቆርጦ መግባት የማይችሉት ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳዝኑኛል። ጽንፉን የመረጡት እነሱ አይደሉም። እናቷ አልጋ ላይ የዋለችባት ልጅ፣ መንታ ወልዳ ሌሊቱን እያፈራረቀች የምታጠባ እናት፣ ባለቤቱን የሚያስታምም ሽማግሌ። ለነዚህ ሰዎች "ለራስሽም አስቢ እንጂ" ብሎ መሄድ ምንም አይጠቅምም፣ መቼ ታስብ? ደህና ነሽ ወይ ብላችሁ ብትጠይቋትም ደህና ነኝ ነው የምትላችሁ፣ የእንቅልፉ ጥናት ላይ እንዳሉት ሰዎች ከልቧ ነው የምትለው። ሰዓቱን የሚቆርጥላት ከውጪ ያለ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ አትጠይቋት፣ ቅዳሜ ማታ እኔ ነኝ የማድረው በሏትና ሂዱ፣ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ጽፋችሁ ተቀበሏት፣ ከቤቱ ወጥታ ሌላ ቦታ እንድትተኛ አድርጉ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ማን እንደሚመጣ ሳትሄድ በፊት ንገሯት።